የእትዬ ፈንታነሽ አፍንጫ

«ጉና ላይ የበቀልሽ፣ አንቺ የደጋ ጦስኝ፣
ሽታሽ ቁልቁል ወርዶ ደጄ ቀሰቀሰኝ…»

ከዚህ ወዲያ ያለው ግጥም ጠፍቷቸዋል። እትዬ ፈንታነሽ ግን መች ይቆማሉ! የጎደለውን ስንኝ በ«እምም» እየሞሉ፣ እፍኝ ጦስኝ ከሚፈላው ውኃ ላይ ነሰነሱ። ዝንጅብል ወቅጠው ጨመሩ፤ ጤና አዳም ቀንጥሰው ጣሉበት።

ደብረ ታቦር የነሐሴን ጉም ተከናንባለች። የእትዬ ፈንታነሽን አፍንጫ ጉንፋን ከደፈነው ሰንብቷል። ለሌላ ሰው ጉንፋን ጉንፋን ነው፤ ለእርሳቸው ግን ከሹመት መሻር ነው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ የማርያምን ማኅበር ወጥ የሚሠሩት እርሳቸው ናቸው። ጾሙ ደግሞ ፍልሰታ ነው፤ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል ውኃ ከአፍ አይገባምና ወጥ ሠሪም አትቀምስም። ድስቷን የምታውቀው በአፍንጫዋ ነው።

«እታለም፣ ዘንድሮስ ለእኔ ይልቀቁልኝ» አለች ጎረቤታቸው ጥሩወርቅ፣ ማማሰያውን አንስታ። «ያለዚያ ትንሽ ይቅመሱ። ታመው አይደል? እመብርሃን አትቆጣም።»

«እመብርሃን ባትቆጣ እኔ እቆጣለሁ! ጾሜንም አልሽር፣ ድስቴንም አልለቅ። አንቺ ልጅ፣ ሳልሞት ተዝካሬን አታውጪ!»

«ታዲያ በጆሮዎ ሊሠሩ ነው?»

«በጆሮዬም ቢሆን!»

ይህን ብለው ጋቢ ተከናነቡና ከእንፋሎቱ ላይ ተደፉ። ጥሩወርቅም ዕድሉን አላሳለፈችም፤ ድስቱን ጥዳ ሽንኩርቱን ማቁላላት ያዘች።

ጋቢው ውስጥ ጉና ከነዳገቱ የገባ ይመስል ነበር። ግንባራቸውን አላባቸው፣ ዓይናቸው አነባ፣ ደጋግመው አነጠሱ። ያ ድፍን አፍንጫ እንደ ሰነፍ በር ገርበብ አለ። በዚያች ስንጥቅ መጀመሪያ የገባው ግን የጦስኝ መዓዛ አልነበረም።

«አረረ! ኧረ አንቺ፣ ሽንኩርቱ አረረ!»

ጥሩወርቅ እሳቱን ልትቆሰቁስ ጎንበስ ብላ ድስቱን ዘንግታው ኖሯል። እትዬ ፈንታነሽ ጋቢውን ወረወሩት፤ ላባቸው እየተንጠባጠበ ማማሰያውን ነጠቋት። ያረረውን ደፍተው፣ ሌላ ሽንኩርት ከትፈው፣ እንደገና ጀመሩ። ቁሌቱ ሲንተከተክ ጠጋ ብለው ያሸታሉ፤ ነጭ ሽንኩርት ጣል ያደርጋሉ፤ ደግሞ ያሸታሉ። ማማሰያውን ልውሰድልዎ ያላቸው ማንም የለም።

ቅዳሴ ወጣ። ማኅበርተኛው በላ፣ ጠጣ። ጥሩወርቅ ጉርሻዋን ዋጠችና፣ «መዓዛውስ ልዩ ነው። ጨው ግን አንሶታል» አለች።

«ጨው አይሸት፣ ምን ላድርገው? ያነሳት ትነስንስ!»

የመጨረሻው እንግዳ ሲስተናገድ፣ እትዬ ፈንታነሽ እጃቸውን ታጠቡ። መደቡ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ዘረጉ፤ አማተቡ፤ ጥሩወርቅ ያቀረበችላቸውን ጨው በእጃቸው ጀርባ ገፋ አደረጉና ወጡን እንዳለ ጎረሱ።