ሆቴል ገባች እንዳይሉብኝ

እስራኤል አገር ገብተን ፔታህ ቲክቫ ከተማ ስንደርስ አስተርጓሚው አውቶቡሱ በር ላይ ቆሞ፣ «ለጊዜው የምታርፉት ሆቴል ነው» አለን። ሰው ሁሉ ደስ ሲለው እኔ የልጄን እጅ ጠበቅ አድርጌ ያዝሁ። በእኛ አገር ሴት ልጅ «ሆቴል ገባች» ከተባለ መጠጥ ልትቀዳ፣ ከዚያም ሌላ ነገር ልትሆን ገባች ማለት ነው። ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። አባቷ ሱዳን ቀርቷል፤ ስንለያይ «ልጅቱን አደራ» ያለው እኔን ነው።

ሆቴሉ ባለ ሦስት ፎቅ፣ ቀለሙ የተላጠ ቤት ነበር። ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ኤን ጋኒም የሚባለው ሰፈር ያሉ ሰዎች እንኳ መንገድ ሲያመለክቱ «ከሆቴሉ አልፈሽ» ይላሉ። ይህም አላጽናናኝም። የታወቀ ቤት በምን እንደ ታወቀ ማን ያውቃል?

በሁለተኛው ወር የምግብ አዳራሹ ኃላፊ ልጄን ምሳ እንድታቀርብ ጠየቃት። ከሁላችንም ቀድማ ዕብራይስጥ የያዘችው እሷ ነበረች።

«አይሆንም» አልኋት።

«እማ፣ የሚበሉት እኮ የእኛው ሰዎች ናቸው።»

«የሚያወሩትም የእኛው ሰዎች ናቸው።»

ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ሆቴሉ ከተከፈተ ጀምሮ የሠሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ልጄን ይዤ ሄድሁና፣ «ይህ ቤት ድሮ ምን ነበር? ጠይቂልኝ» አልኋት።

አሮጊቷ አንሶላ ማጠፋቸውን ሳያቋርጡ ብዙ ተናገሩ። መጀመሪያ ብርቱካን ሊገዙ የሚመጡ ነጋዴዎች ያድሩበት ነበር አለች ልጄ። ኋላ ሰርግ ይደገስበት ጀመር፤ እሳቸውም የተዳሩት እዚሁ ሰገነቱ ላይ ነው። ከዚያ በባሕሩ ዳር ትልልቅ ሆቴሎች ሲሠሩ እንግዳው ቀረ፤ ባዶውን ክፍል ለእኛ ሰጡን።

«መጠጥ የሚቀዱ ሴቶችስ ነበሩ ወይ በያቸው።»

ልጄ እያፈረች ጠየቀች። አሮጊቷ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«በዚህ ቤት የተሠራ ኃጢአት ሾርባው ብቻ ነው ይላሉ።»

እኔ አልሳቅሁም። የምትተረጉምልኝ ሥራውን የምትፈልገው ልጅ ናት፤ ያልወደደችውን ብታስቀርስ? አሮጊቷ የገባቸው መሰለኝ፤ የቁም ሣጥናቸውን በር ከፍተው ከውስጥ የተለጠፈ ፎቶግራፍ አሳዩኝ። ሙሽራ በሰገነቱ ላይ ቆማለች። አጠገቧ ሻሽ ያሰሩ እናቷ አሉ፤ ካሜራውን ትተው እሷን ያያሉ። ይህን የሚተረጉምልኝ አላስፈለገኝም።

በማግስቱ ኃላፊውን በልጄ አስተርጓሚነት፣ «ትሥራ፤ እኔ ግን እዚያው እቀመጣለሁ» አልሁት።

ልጄ መልሱን ነገረችኝ፦ «በሰደር፣ እሺ ማለቱ ነው፤ ከተቀመጡ አይቀር ካሮት ይላጡ አለ።»

እንዲህ ሆኖ ልጄን ከሆቴል ልጠብቅ ብዬ እኔው ሆቴል ገባሁ። ከወጥ ቤቱ መስኮት ሆኜ ማን እንዳነጋገራት፣ ማን ትሪውን ሲቀበል እጇን እንደ ነካ አያለሁ። አባቷ ሲመጣ ሰው ሳይቀድመኝ የምነግረውን እያሰብሁ እልጣለሁ፤ አንዳንድ ቀን ከእሷ እጀምራለሁ፣ አንዳንድ ቀን ከራሴ።