የአቼቶ ጨርቅ

ቤቴል ያለው ግቢያችን ውሃው የጉድጓድ ነው፤ መኪናዬ ላይ ከደረቀ ነጭ ነጠብጣብ ጥሎ ይሄዳል። ዛሬ ጠዋት አቼቶ በውሃ በጥብጬ፣ ጨርቅ ነክሬ ኮፈኑን ማሸት ስጀምር ሽታው አስኮ፣ ከአባዬ ታክሲ አጠገብ ወስዶ አቆመኝ።

አስር ዓመቴ ነበር። አባዬ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚሳሳላት ሰማያዊ ታክሲ ነበረችው። አንድ ቅዳሜ ለቅሶ ሲሄድ፣ ላስደስተው ብዬ በጉድጓድ ውሃ አጠብኳት። ውሃው ፀሐይ ላይ ደርቆ ኮፈኑን አዥጎረጎረው። ደነገጥኩ። እማዬ ብረት ድስት የምትፈትግበትን አመድና ቃጫ አምጥቼ ፈተግኩት። ነጠብጣቡ ለቀቀ፤ ቀለሙም አብሮ ተፋቀ።

አባዬ ሲመለስ የነጣውን ኮፈን አይቶ ሳቀ።

«አጠብሽልኝ? ጎበዝ! ይሄ ውሃ ደርቆበት ነው፣ አይዞሽ። ውሃ ቶሎ ካልጠረጉት ቀለሙ ላይ ይፈርማል።»

አቼቶ አመጣና ማሸት ጀመረ። እኔ ጨርቅ እየነከርኩ አቀብለዋለሁ። ክንዱ ሲዝል ያርፋል፣ ደግሞ ይጀምራል። «ምን ዓይነት ግትር ውሃ ነው?» ይላል። በአመድ ፈትጌው ነው ልለው አፌን ከፈትኩ፤ «ጎበዝ» ያለኝ ትዝ ሲለኝ መልሼ ዘጋሁት። ታክሲዋን እስኪሸጣት ድረስ በየቅዳሜው ያሻት ነበር።

የእኔ መኪና ነጠብጣብ በሦስት አራት እሽታ ለቀቀ። ኮፈኑ ላይ ፊቴ ወለል ብሎ ታየኝ፤ አባዬን እመስላለሁ።

«አባዬ፣ ውሃ አልነበረም» አልኩት።