ሁለት ወረቀት ላይ የተፈረመ ደሞዝ

መምህር ጉልላት ሚሌ ላይ ለምሳ ከአውቶቡስ ሲወርድ ምግብ ቤቱ ውስጥ ባዶ ወንበር ያገኘው ከአንዲት ጠና ካለች ሴት ፊት ለፊት ብቻ ነበር። ሴትየዋ ጥብሱን በሹካ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አስተናጋጁን ጠራችው።

«ይኼን የጠበሰው ማነው? ሽንኩርቱ ሳይበስል ሥጋውን የጨመረበት?»

«ምነው እናቴ?»

«ተወው፣ ሂድ። ስድቤን ለሌላ ሰው ልቆጥበው።»

ጉልላት ሳቁ አመለጠው። «ለማን ነው የሚቆጥቡት?» አላት። ወሬው በዚያው ተያዘ፤ አውቶቡሱ ሲነሳም አጠገቧ ተቀመጠ።

ኑርሀያት ትባላለች። ከወሎ ወርዳ አዋሽ ሰባት ኪሎ ከገባች ብዙ ዘመኗ ነው፤ ሃያ ሁለቱን ዓመት ካሚል በሚባል ያገሯ ሰው ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ አሳልፋለች። ባለፈው ወር ስልሳ ሞላት። ጡረታዋን ልታስጨርስ ሰመራ ጡረታ ቢሮ ደርሳ መመለሷ ነው።

«የግል ሠራተኛ ጡረታ ከመጣ ወዲህ፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከደሞዜ ሰባት ሰባት በመቶ ሲቆረጥ ኖሯል» አለች። «ዛሬ ልጅቷ ኮምፒዩተሯን አየችና ‹ደሞዝዎ አንድ ሺህ አምስት መቶ ነው› አለችኝ። እኔ የምቀበለው ሰባት ሺህ!»

«እንዴት ሆኖ?»

«ሁለት ወረቀት ላይ ነዋ የምንፈርመው! አንዱ ለመንግሥት የሚሄድ፣ አንዱ ካሚል መሳቢያ ውስጥ የሚቀር። ‹ዝቅ አድርገን ከጻፍነው ግብሩ እምብዛም አይነካሽም፣ እጅሽ የሚገባው ይበዛል› አለኝ። እኔ ሞኟ መረቅኩት! ጡረታው የሚሰላው በተጻፈው መሆኑን ማን ነገረኝ? አሠሪው የሚጨምረው አሥራ አንድ በመቶም ለካ በዚያችው ላይ ነው። ያ አሥራ አንድ በመቶ ግብር እንኳ የማይነካው ገንዘብ ነበር፤ ሰመራ ነው የሰማሁት። የሚወጣልኝ ለቤት ኪራይ አይበቃም።»

ስልኳ ጮኸ። ካሚል ነበር። ጆሮዋ ደከም ስላለ ድምፁን ከፍ አድርጋ ያዘችው፤ የኋላ ወንበር ድረስ ተሰማ።

«እህቴ ኑርሀያት፣ ሰመራ ድረስ ምን አንከራተተሽ? እኔ አለሁ አይደል? ከዘንድሮ ጀምሮ ከዘካዬ አንቺን ነው የማስቀድመው። ወላሂ አልረሳሽም።»

«ዘካ?» ከወንበሯ ተነሳች። «ዘካ ለሚስኪን ነው! እኔን ሚስኪን ያደረገኝ ማነው? ሐቄን በልተህ ዘካ ልትሰጠኝ? አላህን አትፈራም?»

ዘጋችው። ተመልሳም ተቀመጠች። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ያያታል፤ ሹፌሩም በመስታወቱ።

ጉልላት ከቦርሳው ወረቀት አወጣ። «ለጡረታ ቢሮው ማመልከቻ እንጻፍ» አላት። መንገዱ እያንገጫገጨው ጻፈ፤ እሷ ትናገራለች። መሃል ላይ እጁን ያዘችው።

«እኔም እያወቅሁ ፈርሜያለሁ ብለህ ጻፍ።»

«ይጎዳዎታል እኮ።»

«ይጉዳኝ! እሱ ብቻውን አልዋሸም፤ እኔም ግብር አመለጥኩ ብዬ እየሳቅሁ ፈርሜያለሁ። ይኼን ከደበቅሁ፣ ሁለተኛው ወረቀት መኖሩን ከየት አወቅሽ ሲሉኝ ምን ልበል?»

ጻፈው። ፊርማዋን ስታኖር ብዕሩ ወረቀቱን ቀደድ አደረገው።

አዋሽ ሲደርሱ ጉልላት ባጃጅ አስቆመላት። «ቤትዎ ያድርስዎት፣ ደክሞዎታል።»

«ምን ቤት?» አለች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያሰረች። «ነገ የደሞዝ ቀን ነው፤ አብረውኝ የሚሠሩት ማሚትና ፍሬ እነዚያው ሁለት ወረቀቶች ላይ ሊፈርሙ ነው። ወጥ ቤቱ ሳይዘጋ ልድረስባቸው። ካሚል በር ላይ ቢቆም ገፍቼው እገባለሁ!»