አባዬ ያቀፈው ብልቃጥ

«እናትሽ ‹አንዲትም አልጎደለች በያት› ብላኛለች።»

ይህን የነገረችኝ ጎረቤታችን ናት፤ በገበያ ቀን፣ ወረታ መናኸሪያ አጠገብ፣ ስንቄን ከጀርባዋ እያወረደች። «አንዲትም» ያለችው ስለ ዶሮዎቻችን ነው። እዚያው መንገድ ላይ ዘለልሁ። አንድ ባለ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ፣ «አንች ልጅ፣ ሰርግ አለብሽ እንዴ?» አለኝ።

«ከሰርግ ይበልጣል!» አልሁት።

ጎረቤታችን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «ፈንግል ሰፈራችን ገብቶ ወጣ» አለችኝ። «ያላስከተቡት ሰዎች ቆጣቸው ባዶ ነው። የእኛና የእናንተ ግን ይኸው ጓሮውን ሲጭሩ ይውላሉ።»

ደስታዬ ለምን እንደዚህ እንደ በዛ ልንገራችሁ። ቤታችን ፎገራ ሜዳ ላይ ነው፤ ከጉማራ ወንዝ ወዲህ፣ ክረምት ውኃ የሚተኛበት የሩዝ አገር። እኔ ለዘጠነኛ ክፍል ወረታ ቤት ተከራይቼ እማራለሁ። ኪራዬን የሚከፍሉልኝ ዶሮዎቹ ናቸው፤ ማለቴ፣ እማዬ እንቁላላቸውን እየሸጠች። ዓምና ፈንግል ገባና በአንድ ሳምንት ገብስማዋንም፣ ወሰራዋንም፣ ቀዩን አውራ ዶሮም ጨረሰ። እኔም ትምህርቱን ከግማሽ ላይ አቋርጬ ቤት ቀረሁ። ዘንድሮ እማዬ አዲስ ቄቦች አሳድጋ፣ «ዶሮዎቹ ካሉ ትማሪያለሽ» ብላ ላከችኝ። ከሌሉ የሚሆነውን አልተናገረችም። ሁለታችንም እናውቀው ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ነው። ፕላዝማው ላይ የምትታየው መምህርት በእንግሊዝኛዋ ትሮጣለች፤ እኛ ከኋላዋ እናለከልካለን። የዚያን ቀን ስለ ቫይረስ ስታስተምር ቆይታ፣ «ታዲያ ቫይረስ ሕይወት ካላቸው ነገሮች ይቆጠራል ወይ?» ብላ ጠየቀች። ልትመልስ አፏን ስትከፍት መብራት ጠፋ። ክፍሉ በሙሉ «ወይኔ!» አለ።

መምህራችን ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው። ፕላዝማው ስለማያስተነፍሳቸው መብራት ሲጠፋ ደስ ይላቸዋል። ጠመኔ አንሥተው፣ «እስቲ አስቡት» አሉ። «አይበላም። አይተነፍስም። አያድግም። ብቻውን አይራባም፤ እንደ አቧራ ቁጭ ነው። ሴል ውስጥ የገባ ዕለት ግን በሴሉ ዕቃ፣ በሴሉ ጉልበት የራሱን ብጤ ያሠራል። አንድ ሆኖ ገብቶ እልፍ ሆኖ ይወጣል።»

«እንደ አጎቴ ነዋ፣ ቲቸር!» አለች አጠገቤ የተቀመጠችው። «ባዶ እጁን ይመጣል፤ ከዚያ ቤቱን በሙሉ ያዛል።»

«አጎትሽ ግን ይተነፍሳል» አሉ እየሳቁ። ቀጥለው፣ «ይሄ እናንተ አገር ዶሮ የሚጨርሰው ፈንግልም ቫይረስ ነው» ሲሉ ሳቄን ዋጥሁት። እኛ ቤት ፈንግል በነፋስ የሚመጣ መቅሠፍት ነው የሚባለው። እጄን አወጣሁ፤ ከዚያ በፊት በዚያ ክፍል እጄን አውጥቼ አላውቅም።

«መድኃኒት አለው?»

«ከያዘ በኋላ የለውም። ክትባት አለው። ክትባቱም ራሱ ቫይረሱ ነው፤ የተዳከመው።» ከዚያም የቤት ሥራ ሰጡን፤ ቫይረስ ሕያው ነው ወይስ አይደለም፣ አንድ ገጽ፣ በአማርኛም ቢሆን።

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ እንስሳት ጤና ጣቢያው ሄድሁ። ሐኪሙ ገና ወጣት ናቸው፤ ሰው ሁሉ ግን «ዶክተር» ይላቸዋል። ነገሬን ሰሙና፣ «ቅዳሜ ማለዳ በእናንተ በኩል አልፋለሁ። የበረዶ ሣጥኔ ግን ሌላ ቀበሌ ሄዷል፤ ክትባቱን አንች ቀድመሽ አድርሽው» አሉኝ። ትንሽ ብልቃጥ በረዶ ያለበት ፔርሙዝ ውስጥ ከተቱልኝ። «ሕይወት ያለው ክትባት ነው። እንዳይሞት አደራ!»

ቀኑ ዓርብ ነበርና በዚያው ከሰዓት ቤት ደረስሁ። ለአባዬ በክፍል የተማርሁትን ሁሉ ስዘበዝብ ቆየሁና፣ «ሕይወት ያለው ነው፤ እንዳይሞት አደራ ብለዋል» ብዬ ፔርሙዙን መደብ ላይ አስቀምጬ ውኃ ልቀዳ ወረድሁ። ስለ በረዶው ምንም አላልሁትም። ጥፋቱ ከእኔ ይጀምራል።

ቅዳሜ ሐኪሙ መጥተው ፔርሙዙን ሲከፍቱ ውኃ ብቻ ሆነባቸው። አባዬ ከጋቢው ሥር፣ ከብብቱ፣ ብልቃጡን አወጣ።

«ይኸው፣ ዶክተር። አንዴም ከእጄ አላወጣሁትም።»

«ምነው አባ! ከበረዶው አወጡት?»

«ሕይወት ያለውን ፍጥረት በበረዶ? ዝናብ የመታው ጫጩት ባገኝ ምን አደርጋለሁ? እንደዚያው አቅፌው አደርሁ።»

«ገደሉታ!»

አባዬ ደነገጠ። ወዲያው ግን አገገመ። «ይቺ ልጅ አይበላም፣ አይተነፍስም ብላኛለች። የማይተነፍስ ነገር በምን ይሞታል?»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ። «መሞት በሉት መበላሸት፣ ስሙን ለመምህራን እተወዋለሁ» አሉ። «ዶሮዎቹ ግን ልዩነቱን ያውቁታል።»

እማዬ ከጓዳ ሆና፣ «ይህን ሁሉ ዘመን ከብት አርብተህ አንድ ብልቃጥ አቃተህ?» አለችው። በዚያው ሳምንት ፈንግል ከወንዝ ማዶ ገባ ተባለ። እኔ ወረታ ሆኜ ደብተሬን በከፈትሁ ቁጥር ዓምና የቀረሁበት ገጽ ይታየኝ ነበር።

በሳምንቱ ቅዳሜ ሐኪሙ የበረዶ ሣጥናቸውን ተሸክመው ራሳቸው መጡ። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ይበቃል፤ አንዴ ከተበጠበጠ ግን ረፋዱን አያልፍም። ስለዚህ «ጎረቤቶቻችሁን ጥሩ» ብለውን ነበር። ግማሹ መጣ። ግማሹ፣ «ደኅና ዶሮ ላይ በሽታ አናስገባም» ብሎ ቀረ።

ያን ጊዜ ነው ብልቃጡን ቀርቤ ያየሁት። ከሥሩ ቁንጥር ጨው የመሰለ ደረቅ ነጭ ነገር አለ፤ ሌላ ምንም። ውኃ ገባበት፣ ተወዘወዘ፣ ጠፋ። ከዚያ በየዶሮው ዓይን አንዳንድ ጠብታ። አዲሷ ገብስማ ዓይኗን ጨፈን ከፈት አድርጋ እንደ ተሰደበች ሰው ራሷን ነቀነቀች። አባዬ ዶሮዎቹን አንድ በአንድ እየያዘ ያቀብላል፤ ከበረዶ ሣጥኑ ግን ራቅ ብሎ።

ኧረግ! እንዴት ያለ ነገር ነው! በዓይን አይታይም፤ እጅ የለው፣ እግር የለው፤ ግን አንዱ ዓይነት ሰፈር ሙሉ ቆጥ ባዶ ያደርጋል፤ የተዳከመው ደግሞ ገብስማዋ ውስጥ ገብቶ ደሟ ጠላቷን ለይቶ እንዲያውቅ ያስተምራል። አስተማሪው የማይተነፍስ፣ ተማሪዋ የምትተነፍስ!

የቤት ሥራዬን ያን ቀን መደቡ ላይ ሆኜ ጻፍሁ። መጀመሪያ የአባዬን ሐሳብ ወሰድሁ። «የሩዝ ዘርስ ጆንያ ውስጥ ከርሞ ምን ይበላል? ሙት ነው?» ብሎኝ ነበር። መምህራችን አንብበው፣ «ዘር ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፤ ቫይረስ ጭራሽ አይተነፍስም። እንደገና አስቢ» ብለው መለሱልኝ። አኮረፍሁ። ከዚያ ደብዳቤ ትዝ አለኝ። ወታደር ቤት ያለው ወንድሜ ይጽፍልናል፤ በቤቱ ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነኝ። እኔ እስክመጣ ድረስ ደብዳቤው ሣጥን ውስጥ ወረቀት ነው። ሳነበው ግን እማዬ ታለቅሳለች፣ አባዬ ይነሣል፣ ለወንድሜ የሚላክ በሶ ይፈጫል፣ ቤቱ በሙሉ ለደብዳቤው ይሠራል። ቫይረስም እንደዚያ ነው ብዬ ጻፍሁ፤ ለብቻው ሲሆን ወረቀት፣ የሚያነበው ሲያገኝ ሕያው። በሙቀት ሲበላሽ ፊደሉ ይፈስሳል እንጂ ነፍስ አይወጣም። መምህራችን ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ፣ «ላሸንፍሽ አልቻልሁም። ለክፍሉ አንብቢ» ብለው ጻፉ። አነበብሁ።

ከዚያ ዝናብ ጣለ፤ ሜዳው ጨቀየ፤ ፈተናም ደረሰ። ፈንግል ወደ እኛ ሰፈር ተሻገረ ሲሉ ሰማሁ፤ ማን ቤት እንደ ገባ የሚነግረኝ ግን አጣሁ። ጎረቤታችን ስንቄን ይዛ እስክትመጣ ድረስ በየማታው ዶሮዎቹን በሐሳቤ እየቆጠርሁ እተኛ ነበር። አሁን ገብታችኋል መሰለኝ ለምን እንደ ዘለልሁ። በሚቀጥለው ዓመት አሥረኛ ክፍል ነኝ!

ወሬውን እንደ ሰማሁ ለሐኪሙ ልነግራቸው ሮጥሁ። «ክትባቱ ይደገማል፤ ከመስከረም በኋላ እመጣለሁ፤ አሁንስ ሰፈሩን በሙሉ ጥሪልኝ» አሉኝ። ይኸው እየጠራሁ ነው፤ ያን ጊዜ የቀራችሁትንም፣ ይህን የምታነቡትንም። ጥቅምት በገባ የመጀመሪያው ቅዳሜ ማለዳ፣ ዶሮዎቻችሁ ከቆጥ ሳይወርዱ፣ በብብታችሁ ይዛችኋቸው እኛ ቤት ኑ። ብልቃጡን ቀርባችሁ እዩት፤ ሕያው ነው አይደለም የሚለውን እናንተም ፍረዱ። መንካት ግን አይቻልም። የበረዶ ሣጥኑን የሚጠብቀው አባዬ ነው።