ካራማራን የተሻገረው ሙቀት

እኛ በምናስተምርባት ቆላማ ከተማ በኤረር ሙቀት ወሬ አይሆንም። ግንቦት ከገባ በኋላ ማንም «ሞቀኝ» ቢል የሚሰማው የለም፤ ሁሉም እየቀለጠ ነው። እኔ ግን ከሁሉም በላይ ይሞቀኝ ነበር፤ ይባስ ብሎ ደስ ይለኝ ነበር። የወር አበባዬ ከቀረ ወራት አልፈዋል። ዕድሜዬ ከአርባ አምስት አልፏል፤ ካገባሁ ጀምሮ ልጅ ስጠብቅ ኖሬአለሁ። እርጉዝ ሴት ይሞቃታል ሲባል ሰምቻለሁ። ስለዚህ ላቡንም፣ ብስጭቱንም፣ እንቅልፍ ማጣቱንም የልጄ ነው ብዬ ተቀበልኩት።

ከደረቴ ነው የሚጀምረኝ። ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ድንገት እሳት የመሰለ ነገር ሽቅብ ይወጣና አንገቴንና ፊቴን ይለበልበኛል። ጠመኔው ጣቴ ላይ ይርሳል፣ ቀሚሴ ጀርባዬ ላይ ይጣበቃል። አንድ ተማሪ ፈገግ ካለ አለቀለት፤ ክፍሉን በጩኸት አናጋዋለሁ። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም።

መላ ያልሞከርኩት የለም። ሄል የበዛበትን ሻይ እርም አልኩ። ከገበያ ድሪያ የሚሉትን ሰፊ ስስ የሱማሌ ቀሚስ ገዝቼ ስለብስ ባልደረቦቼ «በቃ ሱማሌ ሆነሽ ቀረሽ» እያሉ ሳቁብኝ። ከትምህርት ቤት ስገባ ሲሚንቶው ላይ ውሃ ረጭቼ በጀርባዬ እዘረጋለሁ። ማራገቢያ አለን፤ መብራቱ ግን ሲያሻው ነው የሚመጣው። ሲመሽ አልጋችንን ግቢ አውጥተን ነጠላዬን ውሃ ነክሬ እደርባለሁ። ባለቤቴም እዚያው ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው፤ ጀሪካን እንዳላነሳ ከለከለኝ፣ ክንዱ እስኪዝል በደብተር ያራግብልኛል። ስለ ልጁ ጮክ ብለን አናወራም ነበር። ከፋርማሲ መመርመሪያ ገዝቼ ማየት እችል ነበር። ፈራሁ፤ አልገዛሁም።

ጎረቤታችን ብዙ የወለደች፣ ልጆቿን ለወግ ማዕረግ ያበቃች ሱማሌ ናት። አንድ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ የግመል ወተት ይዛልኝ መጣች። እሷ ለንጋቱ ነፋስ ሻርፗን ተከናንባለች፤ እኔ ላቤ በአገጬ ይንጠባጠባል። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አባዮ» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። «ይሄ የኤረር ሙቀት አይደለም፣ ወላሂ። እኔንም እንዲህ አድርጎኛል። ከሱ በኋላ መውለድ የለም።»

ወተቱን ተቀብዬ በሩን ዘጋሁባት። ምን አገባት! ከዚያ ወዲያ በሯን ሳልፍ ፊቴን አዞርኩ። ቀንታብኝ ነው እንዳልል የሚያስቀና ነገር አልነበረኝም፤ ቢሆንም ቀንታ ነው አልኩ።

ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ባለቤቴ የክረምት ስልጠና ነበረውና አብረን ጅግጅጋ ሄድን። የካራማራን ተራራ ስንሻገር ቀዝቃዛ ነፋስ ገባ፤ ተሳፋሪው መስኮት ዝጉ እያለ ተንጫጫ። እኔ እፎይ አልኩ። ከዚያ የእሳት አገር መውጣቴ ነው፤ እኔም ልጄም እናርፋለን።

በተከራየናት ክፍል የመጀመሪያው ምሽት ዝናብ ጣለ። አከራያችን ሹራብ ላይ ሹራብ ደርባ ወጣች፤ ባለቤቴ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልሏል። እኔን ያው እሳት ከደረቴ ተነስቶ አጥለቀለቀኝ። በሩን በርግጄ ደጃፉ ላይ ቆምኩ።

«ዝጊው እንጂ፣ በብርድ ልትገድዪን ነው?» አለኝ።

አልዘጋሁትም። ዝናቡ ፊቴን እየመታኝ ላቤ አልቆም አለ። ኤረር ሳለሁ በፀሐዩ አሳብብ ነበር፤ እዚህ በምን ላሳብብ? ጎረቤቴ እውነቷን እንደነበር ያኔ ገባኝ።

በማግስቱ ክሊኒክ ሄድን። ሽንቴን መረመሩ፣ በአልትራሳውንድም አዩኝ። ሐኪሟ ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት።

«እርግዝና የለም፣ እናቴ» አለችኝ። «ማረጥ ነው፤ በእርስዎ ዕድሜ ያለ ነው። ሳሳ ያለ ልብስ ይልበሱ፣ ትኩስ ነገር ይቀንሱ፣ ነፋሻ ቦታ ይቀመጡ።»

ይህን ሁሉ ሳደርግ ነው የከረምኩት ልላት ፈለግኩ። ምን ዋጋ አለው ብዬ አመስግኛት ወጣሁ።

ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር። ሲያየኝ ብድግ አለ።

«የለም» አልኩት። «አርጫለሁ።»

መልሶ ተቀመጠ። «ለእማዬ ነግሬያት ነበር እኮ» አለ። «ስም ሁሉ አውጥታለታለች።»

ማን ንገራት አለህ ብዬ ልጮህበት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ለቅሶ ነው። እሳቱም ያኔ ተነሳብኝ፤ አንገቴ፣ ፊቴ፣ የጆሮዬ ጫፍ ሳይቀር ነደደ። እሱ ስንቀጠቀጥ አየና የበረደኝ መስሎት ጃኬቱን አውልቆ ደረበብኝ፣ እስከ አንገቴም ቆለፈልኝ። ሌላ ሊያደርግልኝ የሚችለው ነገር አልነበረም። እየተቃጠልኩ፣ ጃኬቱን ሳላወልቅ፣ አብሬው ቤት ድረስ ሄድኩ።