ማሚቱ ውሃ ስትጠነስስ

ማሚቱ ያጸዳችው ወለል ላይ ጤፍ ቢደፋ ተለቅሞ ይበላል ይባላል። ይህን የሚሉት ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብረዋት የሚሠሩ መምህራን ናቸው፤ ማጋነናቸውም አይደለም። ማሚቱ የተወለደችው ሽንዲ አጠገብ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። ተድራ ወደ ከተማ መጣች፤ ባሏ በሞተ በዓመቱ በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠረች። ከዚያ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መጥረጊያና ባልዲ ይዛ ሁለት ልጆች አሳድጋለች። ታላቋ ልጇ አደይ ዛሬ ደምበጫ ታስተምራለች።

እንግዲህ ሰባት ዓሣ በንጽሕና የገደለችው ይህችው ሴት ናት።

ሕሊና የምትባል ወጣት የባዮሎጂ መምህርት ከደሴ ተመድባ በመጣች በሁለተኛ ዓመቷ፣ ሱቁን የዘጋ አንድ ዘመዷ የሰጣትን ትልቅ የመስታወት ገንዳ ቤተ ሙከራው ውስጥ አስቀመጠች። ቆሮሶ የሚባሉ ጣት የሚያህሉ ሰባት ዓሣዎችም ከባሕር ዳር በጄሪካን ውሃ ተጭነው በአውቶቡስ መጡላት። ገንዳውን እንድትጠብቅ ለማሚቱ አደራ ሰጠቻት።

ማሚቱ አደራዋን እንደምታውቀው ጠበቀች። በየጠዋቱ ዓሣዎቹን በጣሳ ወደ ባልዲ ታወጣለች፤ ውሃውን እስከ ጠብታው ትደፋለች፤ መስታወቱን በዱቄት ሳሙና ትፈትጋለች፤ ጠጠሩን በበረኪና ታጥባለች፤ ከዚያ ከቧንቧ እንደወረደ ውሃ ትሞላለች። በሦስተኛው ቀን ሁለት ዓሣዎች በጎናቸው ተንጋለው አገኘቻቸው። ቆሻሻ ቀርቶ ይሆናል ብላ ፍተጋውን አጠበቀች። በስድስተኛው ቀን አንድም አልተረፈም።

ሕሊና አልተቆጣችም፤ ማሚቱን የባሰ ያቃጠላትም ይኸው ነው። ቁጣውን ለምዳዋለች፤ ዝምታውን ግን የምታደርገው አጣች። ሁለት ቀን ሙሉ ቤተ ሙከራውን ሳትረግጥ፣ ኮሪደሩን ብቻ እየጠረገች ዋለች።

በሦስተኛው ቀን ሕሊና ራሷ ፈልጋ አገኘቻትና ጥፋቱ የጋራችን ነው አለቻት፤ እኔም የተማርሁት ከመጽሐፍ ነው፤ ዓሣ አርብቼ አላውቅም አለች። ወዲያው ባንተአምላክ ለሚባል የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ደወለች። ባሕር ዳር በዓሣ እርባታ ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው። ማሚቱም እንድትሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ባንተአምላክ ረጋ ብሎ አስረዳቸው። የዓሣ ኩስና የተረፈ ምግብ ውሃ ውስጥ መርዝ ይሆናል። ያንን መርዝ የሚበሉ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን አሉ፤ ቤታቸው ጠጠሩና የማጣሪያው ስፖንጅ ነው። አንዱ ወገን መርዙን ወደ ሌላ መርዝ ይለውጠዋል፤ ሌላው ወገን ያንኛውን ወደማይጎዳ ነገር ይመልሰዋል። ሁለቱም ወገኖች ረብተው እስኪበቁ ወር ከምናምን ይፈጃል። ሳሙናና በረኪና ይፈጃቸዋል። የቧንቧው ውሃም ክሎሪን ስላለበት ከመጨመሩ በፊት ባልዲ ውስጥ ውሎ ማደር አለበት፤ ገንዳውን ሙሉ በሙሉ መድፋትማ የማይታሰብ ነው።

ማሚቱ ጉንጯን ይዛ ስታዳምጥ ቆየች። ለማኅበሯ ጠላ የምትጠምቅ ሴት ናት፤ ጥንስሱ ሳይነሳ ድፍድፍ እንደማይደፈደፍ ከልጅነቷ ታውቃለች።

«እንግዲያ ውሃው ጥንስስ ነው የሚፈልገው?» አለች።

«እኔ ለሰው ሳስረዳ ከዚህ ያማረ ቃል አግኝቼ አላውቅም» አለ ባንተአምላክ።

በማግስቱ ማሚቱ ጋሪ ይዛ ላህ ወንዝ ወረደች። ከባቄላ የማይበልጥ ከአተር የማያንስ ጠጠር ብቻ እንደ ምስር ለቅማ፣ ለቅማ ሁለት ማዳበሪያ ሞልታ ተመለሰች። በውሃ ብቻ አለቀለቀችው፤ ሳሙና አጠገቡ አላደረሰችም። ከገንዳው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ ታቹን በጋለ ምስማር የበሳሳችው ባልዲ ተቀመጠ። በውስጡ ከሥር ጠጠር፣ ከላዩ አዲስ ስፖንጅ ተነጠፈ። ሕሊና የገዛችው ትንሽ ፓምፕ ውሃውን ከገንዳው ወደ ባልዲው ያወጣዋል፤ ውሃው በስፖንጁና በጠጠሩ አልፎ እንደ ዝናብ እየተንጠባጠበ ተመልሶ ገንዳው ውስጥ ይወርዳል። ማጣሪያው ይህ ነው።

ዓሣ ግን የለም። ማሚቱ በየጠዋቱ አንድ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ባዶው ውሃ ላይ ትበትናለች፤ ምግቡ ሲበሰብስ ተሕዋስያኑ የሚቀለቡት በዚያ ነው። ነገሩ መሳቂያ ሆነ። የጥበቃው አባት ሃይለ ሚካኤል፣ ማሚቱ ለሞቱት ዓሣዎች ተዝካር እያወጣች ነው ብለው ግቢውን ሁሉ አሳቁት። እሷም አብራ ሳቀች፤ ቁንጥሯን ግን አላስቀረችም።

ባንተአምላክ ሁለት የመመርመሪያ ጠርሙሶች በአውቶቡስ ላከ። በመጀመሪያው ጠብታ የመጀመሪያው መርዝ ያለበት ውሃ አረንጓዴ፣ የሌለበት ቢጫ ይሆናል። በሁለተኛው ጠብታ ሌላኛው መርዝ ያለበት ሐምራዊ፣ የሌለበት ሰማያዊ ይሆናል። ማሚቱ ጥለት የምትመርጥ ዓይን አላት፤ ሕሊና ያው ነው የምትለውን አረንጓዴ እሷ ከትናንት ገርጥቷል ትላለች፤ ከቀለሙ ካርድ ጋር ሲያስተያዩትም ልክ ሆና ትገኛለች።

ያስቸገራት መጠበቁ አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት ውሃው ደፈረሰ፤ መስታወቱ ላይ ቡናማ ነገር ተለጠፈ፤ ስፖንጁም ጭቃ መሰለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆሻሻ ባየ ቁጥር የሚነሳ እጅ ነውና በላት። አንድ ቀን ስፖንጁን ከባልዲው አንስታ ቧንቧው ድረስ ይዛው ሄዳ ነበር። ቧንቧውን ሳትከፍት ቆመች። ከዚያ ይዛው ተመልሳ በቦታው አኖረችውና፣ መስኮቶቹን ሁሉ አንድ በአንድ ወልውላ ወጣች።

በሃያ ስድስተኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ መብራት ጠፋ። ፓምፑ ዝም አለ። ባንተአምላክ አስቀድሞ ነግሯቸው ነበር፤ ስፖንጁ ከደረቀ ወይም በታቆረ ውሃ ታፍኖ ከዋለ የወሩ ልፋት ከንቱ ነው። ማሚቱ ጣሳዋን አንስታ ከገንዳው እየቀዳች ባልዲው ላይ ታፈስ ጀመር። አንድ ክፍል ጠርጋ ትመጣለች፤ ሃያ ጣሳ ታፈሳለች፤ ሌላ ክፍል ልትጠርግ ትሄዳለች። ምሳዋንም እዚያው ቆማ በላች። ማምሻውን ባልዲውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍና ወደ ቤቷ ሄደች፤ ጎሕ ሲቀድ ተመለሰች። በዚያ አርብ፣ ተዝካር እያሉ ያሾፉት ሃይለ ሚካኤል ቆመው ሲያዩዋት ቆዩና ካፖርታቸውን አወለቁ። ጣሳውን ከእጇ ተቀብለው፣ «ሂጂ ክፍልሽን ጥረጊ» አሏት። መብራቱ የመጣው በዘጠኝ ሰዓት ነው። ቅዳሜ ሲመረምሩት የመጀመሪያው ጠብታ ቢጫ ወጣ፤ ሁለተኛው ገና ሐምራዊ ነበር። ግማሹ መንገድ አልቋል ማለት ነው።

የወላጆች ቀን የደረሰው በዚህ መሐል ነው። ርዕሰ መምህሩ አቶ ትዕዛዙ ትምህርት ቤቱ እንዲታይላቸው የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ክፋት የለባቸውም። ለበዓሉ ዓሣ ከባሕር ዳር በአስቸኳይ ይምጣ ብለው አዘዙ። ሕሊና ተከራከረች፤ አልሰሟትም። ማሚቱ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቢሯቸው ሄደች። መጥረጊያ ሳትይዝ እዚያ ቢሮ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ይቅርታ ያርጉልኝ፣ አቶ ትዕዛዙ» አለች። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ዓሣዎቹ አሁን ቢገቡ ቅዳሜ ወላጆች ያዩዋቸዋል፤ ማክሰኞ ደግሞ ሬሳቸውን ልጆቹ ያዩታል። አንድ ጊዜ ሳላውቅ ገድያለሁ። እያወቅሁ ግን አልገድልም።»

አቶ ትዕዛዙ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ታዲያ ለወላጅ ምን ላሳይ ብለው ጠየቋት።

«ውሃውን ያሳዩዋቸው» አለች።

እውነትም ውሃውን አሳዩ። ቅዳሜ ወላጆች ቤተ ሙከራውን ሞልተው ባዶውን ገንዳ ከበቡ። አቶ ጋሹ የሚባሉ፣ ከገጠር የመጡ ገበሬ፣ ዓሣው የት አለ ብለው ጠየቁ። ሕሊና መልስ ከመስጠት ይልቅ ማሚቱን በክንዷ ይዛ ወደ ፊት አመጣቻት። ማሚቱ ባልዲውን ስታሳይ ምላሷ ተፈታ። ስለ ጠጠሩ፣ ስለ ስፖንጁ፣ ስለ ሁለቱ ቀለሞች ነገረቻቸው። የገደለቻቸውን ሰባቱንም አልደበቀችም።

አቶ ጋሹ ዱላቸውን ተደግፈው አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «መሬትም እኮ ያው ነው» አሉ። «ፍግ በጣልህበት ዕለት ብትዘራ ያነድብሃል። እስኪበርድ ትጠብቀዋለህ እንጂ።» የቀሩት ገበሬዎች አዎን፣ አዎን አሉ። ከከተማው ሰው ይልቅ ነገሩ ቶሎ የገባቸው እነሱ ነበሩ። አቶ ትዕዛዙም ያንን ሲያዩ ፊታቸው ፈታ አለ።

በአርባ አንደኛው ቀን ሁለተኛው ጠብታ ሰማያዊ ሆነ። ማሚቱ ድገሚው አለቻት፤ ሕሊና ደገመችው፤ ሰማያዊ ነው። ባንተአምላክ አምስት ቆሮሶዎች ይዞ ራሱ መጣ። ማሚቱ ጥንስሱን እንዳናስደነግጠው ብላ በመጀመሪያ ሦስቱን ብቻ አስገባች፤ ሁለቱን በሁለተኛው ሳምንት ጨመረች። እሱም ልክ ነሽ አላት። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ከገንዳው ውሃ ሩቡን ብቻ ቀድታ፣ ውሎ ባደረ ውሃ ትተካለች። ስፖንጁ ሲደፈን ከገንዳው በቀዳችው በዚያው ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ታደርገዋለች እንጂ ቧንቧ አታስነካውም።

ግንቦት ላይ አንዷ ዓሣ ምግብ ተወች፤ አገጯም አበጠ። ማሚቱ ደግሞ ገደልሁ ብላ እንባዋ መጣ። ሕሊና መስታወቱ ላይ ጎንበስ ብላ ብዙ ካየች በኋላ ቀና አለችና፣ «እትዬ ማሚቱ፣ አልታመመችም፤ ልጆቿን በአፏ ይዛ ነው» አለቻት። ከሳምንት በኋላ እናትየዋ አፏን ስትከፍት የጤፍ ቅንጣት የመሰሉ ጫጩቶች ውሃው ውስጥ ተበተኑ። ማሚቱ እነሱን ስትቆጥር፣ እየጠፉባት እንደገና ስትጀምር፣ የዚያን ዕለት ኮሪደሩ ሳይጠረግ ዋለ። ማንም ምነው አላላትም።

ዝናዋ ቡሬ ደረሰ። ሐምሌ ላይ አንድ የሆቴል ባለቤት፣ ለእሑድ ሠርግ አለብኝ፣ ገንዳ ገዝቻለሁ፣ መጥተሽ ዓሣ ሙዪልኝ ብሎ ደወለላት። ማሚቱ አመስግና፣ ለእሑድ አልችልም አለችው። ሰውየው ሌላ ሰው አስመጣ። ጳጉሜ ላይ መልሶ ደወለ፤ ምን እንደደረሰበት አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም። በማግስቱ በሚኒባስ ቡሬ ሄደች። ሰውየው ስለ ዓሣው ቀለም ሲያወራት በትዕግሥት ሰማችውና፣ መጀመሪያ ግን አቅራቢያችሁ ያለው ወንዝ የቱ ነው፣ ጠጠር እንልቀም ብላ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።