ወፍጮው የቆመበት ቅዳሜ

ልጅ እያለሁ፣ ሰበታ ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ውስጥ የቆመው ትልቁ ፒያኖ እንስሳ ይመስለኝ ነበር። ሦስት እግር፣ አፍ ሙሉ ጥርስ፣ ከጀርባው የሚከፈት ክንፍ። ሽታው የእንጨት ሰምና የአይጥ ነበር። ከልጆቹ ሁሉ እኔ ፒያኖ የተማርኩት በችሎታ እንዳይመስላችሁ፤ ኳስ ጨዋታ ላይ በረኛ እንኳ አድርጎ የሚያስገባኝ ስለጠፋ ነው።

አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ያለ የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ «የልጁን አጨዋወት በቴፕ ቀድታችሁ ላኩ፤ ሰምተን ከወደድነው እንቀበለዋለን» አለ። በከተማችን ካሴት የሚቀዳው ጋሽ መኩሪያ ሁለት ማይክሮፎን ተውሶ ቅዳሜ መጣ። በማግስቱ ይመልሳቸዋል፤ ስለዚህ ዕድሌ ያቺው ቀን ብቻ ነበረች።

መጀመሪያ ወፍራሙን ማይክሮፎን የፒያኖው አውታሮች አፍንጫ ሥር ደቀነው። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ፊቱን አኮሳተረ።

«አንተ ልጅ፣ ጉንፋን ይዞሃል?»

«ኧረ አልያዘኝም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ይሄ እንደ በሬ የሚተነፍሰው ማነው?»

እኔው ነበርኩ። ስጫወት አፍንጫዬ አብሮኝ ይጫወታል፤ እስከ ዛሬም አልተወኝም። ቀጭኑን፣ ከሩቅ የሚሰማውን ማይክሮፎን አነሳና ከተከፈተው ክዳን ፊት ለፊት፣ ራቅ አድርጎ አቆመው። በሬው ጠፋ። ድምፁ እንደ ጠዋት ጉም ተነስቶ አዳራሹን ሞላው። ግን ከሱ ጋር ሌላም ገባ፦ ዱክ ዱክ ዱክ፤ ከአጥሩ ማዶ ያለው የኦቦ ዲንቃ ወፍጮ። ቢቀርብ በሬ፣ ቢርቅ ወፍጮ!

ወደ ወፍጮው ተያይዘን ሄድን። የገበያ ቀን ስለሆነ ሰልፉ እስከ መንገድ ደርሷል። ያ ሞተር ደግሞ አንዴ ከጠፋ፣ ጎረምሶች ተረባርበው ካላሽከረከሩት የማይነሳ እልኸኛ ነው።

«ኦቦ ዲንቃ፣ ለአንድ ዘፈን ያህል ያጥፉልን» አለ ጋሽ መኩሪያ።

ኦቦ ዲንቃ ዱቄት የጠገበ ቅንድባቸውን አንስተው አዩኝ። «ይሄ የቶላ ልጅ አይደል? ያ ኳስ የማይችለው?»

«እሱ ነው።»

«እንግዲያ ሌላ ተስፋም የለው!» ብለው ሞተሩን አጠፉት። ወደ ሰልፉ ዞረውም «ጨሊሳ! ዝም በሉ፣ ልጁ ሊጫወት ነው!» አሉ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አህዮቹ እንዳያናፉ ፉርሽካ ቀረበላቸው። እኔም ወደ አዳራሹ ተመልሼ ተጫወትኩ። የመጨረሻዋ ድምፅ ቀጥና፣ ቀጥና፣ ከመስኮቱ ብርሃን ጋር እስክትሟሟ ድረስ ያ ሁሉ ገበያተኛ አንድም አላሳለም። በዚያች ቴፕ ትምህርት ቤቱ ተቀበለኝ፤ እንጀራዬም ፒያኖ ሆነ።

በቅርብ ዓመታት፣ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ሰበብ ተቃውሞና ግርግር በበረታበት ሰሞን፣ መንገዱ በሰበታም በቡራዩም በሱሉልታም ተዘግቶ ቤት ዋልኩ። መኪና የለ፣ ወፍጮ የለ፣ የልጆች ጫጫታ የለ። እኔ ሞኙ ሽማግሌ «ለቀረጻ እንዲህ ያለ ቀን ከየት ይገኛል!» ብዬ ማይክሮፎኔን እንደ ጋሽ መኩሪያ ራቅ አድርጌ አቆምኩና የፒያኖዬን ክዳን ከፈትኩ።

በመስኮት ሳይ ጎረቤቴ ወይዘሮ ጫልቱ በራቸው ላይ ቆመዋል። ልጃቸው ከጠዋት እንደወጣ አልተመለሰም። አንገታቸውን ወደ መንገዱ አዘንብለው ኮቴ ያዳምጣሉ።

ያኔ ሰፈሩ ሁሉ ትንፋሹን የዋጠው እኔን ለመስማት ነበር። አሁን ተራው የእኔ ነው አልኩና፣ ድምፅ እንዳያሰማ ክዳኑን በሁለት እጄ ይዤ ቀስ ብዬ ዘጋሁት። ከዚያም ወጥቼ አብሬያቸው አዳመጥኩ።